ሰላም ብሎ ዝም ያለው መልእክት

አንዲት ሴት ጠዋት ሥራ ልትጀምር ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠች።

ጠረጴዛ ስላችሁ የቢሮ ጠረጴዛ እንዳይመስላችሁ። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል የተሸጎጠች፣ ልጆቿ የቤት ሥራ የሚሠሩባት ትንሽ ጠረጴዛ ናት። ሴትየዋ የሺመቤት ትባላለች፤ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዋ አዲስ አበባ ላለ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ በስልክ ቀጠሮ መያዝ ነው። እንደ እሷ ቀጠሮ የሚይዙ ሰዎች አምስት ናቸው፤ አምስቱም በየከተማው፣ በየቤታቸው ሆነው ይሠራሉ። አንዳቸው የሌላውን ፊት በአካል አይተው አያውቁም። የሚገናኙት ቴሌግራም ላይ በተከፈተ ግሩፕ ብቻ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ፊቱን አይታችሁ የማታውቁትን ሰው ምን ያህል ታምኑታላችሁ?

የሺመቤት አታምንም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ደግሞም ምክንያት ነበራት። በፊተኛው ወር ደምሰው የሚባል ባልደረባቸው ከሥራ ሲሰናበት ነገሩ የጀመረው በሰላምታ ነው። አለቃቸው አቶ ሀብተወልድ በማለዳ «ሰላም አደርክ ደምሰው?» ብለው ጻፉለት። ደምሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ። ከሥሩ የስንብት ደብዳቤው ተከተለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሺመቤት ስልኳ ላይ የማለዳ ሰላምታ ባየች ቁጥር ስንብት ይመስላታል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው በዚህ ሰኔ ነው። በዚያ ሰሞን የሺመቤት አንድ አደራ ነበረባት። ከመንዝ ገጠር በየቀኑ የምትደውል እልፍነሽ የምትባል እናት ነበረች። የአራት ዓመት ልጇ ስታለቅስ ከንፈሯ ይጠቁራል። የልብ ሐኪሙ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ክሊኒኩ ውስጥ የሚቀመጠውም ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። የትኛው ጠዋት እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም።

«እህቴ፣ ዛሬም ቀኑ አልታወቀም?» ትላለች እልፍነሽ።

«አልታወቀም እናቴ። እንደታወቀ በዚያው ደቂቃ እደውልልሻለሁ።»

«አደራሽን። ከኛ የሚነሳው አውቶቡስ በቀን አንድ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። እሱ ካመለጠኝ በጀርባዬ አዝዬ አላደርሳት።»

«በዚህስ አትስጊ። ከስልኬ አልለይም።»

አደራ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም። ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሐኪሞቹን ፕሮግራም ከክሊኒኩ ተቀብላ ለሌሎቹ የምታስተላልፈው ስምረት ናት፤ የምትኖረውም አዳማ ነው። የሺመቤት ስልክ ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ መስመር ብልጭ አለ። «ስምረት፦ የሺመቤት ጋ ያለችው…» ይላል። የሺመቤት ቶሎ ብላ ግሩፑን ከፈተች።

ምንም የለም። ጽሑፉ ጠፍቷል።

ስሟን አይታለች። በዓይኗ አይታዋለች። ታዲያ ለምን ጠፋ? ንጹሕ ነገር ተጽፎ ይደለዛል? እናንተስ ብትሆኑ ይህን አትጠይቁም ነበር?

አምስት ደቂቃ አልሞላም። አሁን በግሩፑ ሳይሆን በውስጥ መስመር፣ ለብቻዋ፣ ሌላ መልእክት መጣ።

«የሺዬ፣ ሰላም አደርሽ?»

ከዚያ በኋላ ዝም።

የሺመቤት አልከፈተችውም። ከፍታ ብታነበው ማንበቧን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ስምረት ጋ ይታያሉ። ስለዚህ ከላይ ብቅ ሲል አነበበችውና እንዳላየ ሰው ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ይህን ብልሃት የምታውቁ እዚህ አላችሁ። ፈገግ አትበሉ።

እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሐሳቧ ያልደረሰበት የለም። የምትሰናበተው እሷ ናት። ግሩፑ ላይ የተጻፈው ለአቶ ሀብተወልድ ብቻ ሊላክ የነበረ፣ በስሕተት ለሁሉም የወጣ ነው። ስምረት ቦታውን ለዘመዷ ጠይቃለች። ትናንት አቶ ሀብተወልድ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለውም ለዚህ ነው። የቤት ኪራዩስ? የልጆቹ ትምህርት ቤትስ? አንዲት ሰላምታ ይህን ሁሉ ወለደች።

ታናሽ እህቷ ጥሩወርቅ ካውያ ልትወስድ ገባች።

«ምነው እትዬ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ስምረት ሰላም አለችኝ።»

«እና? ጥይት ነው የተኮሰችብሽ?»

«ሰላም ብላ ዝም አለች። ደህና ነገር ቢኖራት ትናገረው አልነበር?»

«እንድትመልሺላት እየጠበቀች ነዋ። ሰላም ያለሽ ሁሉ መርዶ ነጋሪ አይደለም።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። መርዶ ነጋሪም በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ ሰላም ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አትክፈቺለት። በሩን ስለዘጋሽበት የሞተው ይነሳ እንደሆነ እናያለን» አለችና ካውያዋን ይዛ ወጣች።

የሺመቤት በሩን አልከፈተችም።

አራት ሰዓት ላይ ለሥራ የተሰጣት ሌላው ስልክ ጮኸ። እልፍነሽ ናት።

«እህቴ፣ ዛሬም አልታወቀም?»

«አልታወቀም እናቴ» አለች የሺመቤት።

ዋሸች እንዴ? አልዋሸችም። የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ያልከፈተችው መልእክት ግን እዚያው፣ ከክንዷ አጠገብ፣ በፊቱ ተደፍቶ ነበር።

አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። መንዝ ላይ አንድ አውቶቡስ ተነሳ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስምረት ራሷ ደወለች። የሺመቤት አነሳችው። ስንብቱ እንደሆነ ይምጣ ብላ ነው ያነሳችው።

«የሺዬ፣ ደህና ነሽ? ጠዋት ሰላም ብልሽ ዝም አልሽኝ። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ደግሜ ልጨቀጭቅሽ አልፈለግኩም።»

«ደህና ነኝ። ምን ነበር?»

«ያቺ የመንዟ እናት ናታ። ሐኪሙ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። ልጅቷን ሁለተኛ አድርጌ መዝግቤልሻለሁ።»

«ነገ?»

«ነገ። ግሩፑ ላይ ጽፌው ነበርኮ። ኋላ አቶ ሀብተወልድ የታካሚ ነገር ግሩፕ ላይ አይጻፍ ማለታቸው ትዝ አለኝና ቶሎ አጠፋሁት። ከዚያ በውስጥ መስመር ሰላም አልኩሽ።»

«ሰላም ብቻ ነዋ ያልሽኝ ስምረት።»

«ሰላምታዬን ሳትመልሺ እንዴት ዘልዬ ነገር ውስጥ ልግባ? እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም። አላየሽውም እንዴ?»

የሺመቤት የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ኔትወርክ አልነበረም» አለች።

ወገኖቼ፣ ኔትወርክ ነበር።

ከዚያ ለእልፍነሽ ደወለች። ያችኛዋ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው፤ ስልኩ ከእጇ አልወረደም ነበር።

«ሐኪሙ ነገ ጠዋት ነው» አለቻት።

«ነገ? አውቶቡሱ እኮ ሄደ።»

«ኮንትራት መኪና አይገኝም?»

«በዚህ ጭቃ ማን ይነሳል? እንዲያው እኮ ጠዋት ቀሚሷን አልብሻት ነበር። አልታወቀም ስትይኝ መልሼ አወለቅኩላት። ሐኪሙ ተመልሶ የሚመጣው መቼ ነው?»

«ከመስቀል በኋላ ነው የሚሉት።»

«እንግዲህ ክረምቱን እሷው ታውቃለች፣ እመቤቴ።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምነው እህቴ፣ ታመሽ ነበር እንዴ? ድምፅሽም ልክ አይደለም። እግዜር ይማርሽ» አለቻት።

ልብ በሉ። ልትጠረጥር የሚገባት እሷ ነበረች። ልጇ ናት የታመመችው፤ አደራ ያለችው እሷ ናት። ተራውን ገንዘብ ላለው ሸጣችሁት ይሆን ብትል ማን ይቀየማታል? እሷ ግን አልጠረጠረችም። ታመሽ ነበር ወይ አለች።

የሺመቤት አዎ ብትል በዚያው ያልቅ ነበር። እልፍነሽ ሰበቡን በእጇ አስቀመጠችላት። ግን አልቻለችም።

«አልታመምኩም። መልእክቱ ጠዋት ደርሶኝ ነበር። ፈርቼ ሳልከፍተው ቀረሁ።»

«ምን ፈርተሽ?»

ሰላም ተብዬ ፈራሁ ተብሎ ለእናት ይነገራል?

አሁን ትጠይቁኛላችሁ። ጥፋተኛዋ ማናት? የሺመቤት ናት ብላችሁ ስምረትን ነጻ ልታወጧት አሰባችሁ። አይቻልም። ስምረት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጨዋ ናት። ጨዋነቷን ግን ያለቦታው አደረገችው። በር ላይ ሰላም ብሎ የቆመን ሰው ፊቱን ታዩታላችሁ፤ መልሱም በአንድ ትንፋሽ ይመለሳል፤ ነገሩ ይቀጥላል። በስልክ የተላከ ሰላምታ ፊት የለውም። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አይታወቅም። ብቻውን ስድስት ሰዓት ሙሉ ይቆማል። ባዶውን የቆመውን ደግሞ ሰይጣን ገብቶ በራሱ ቃል ይሞላዋል።

ስለዚህ ሰላም በሉ፤ ሰላምታ አይቅር። በዚያው መስመር ግን ጉዳያችሁን አስከትሉ። «ሰላም አደርሽ? የመንዟ ልጅ ነገ ጠዋት ተቀጥራለች፤ አሁኑኑ ንገሪያት።» ይህን ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የጻፋችሁትን ካጠፋችሁም ዝም ብላችሁ አትሂዱ። «እዚህ መጻፍ ስላልነበረብኝ ነው ያጠፋሁት፣ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ» በሉ። ያየ ዓይን መኖሩን አትርሱ። ሁልጊዜም አንድ ያየ ዓይን አለ፤ ያም ዓይን ደግ ነገር አያስብም።

እናንተ ደግሞ የምትፈሩት፣ በእናንተ ልጨክን አልችልም። ክፉ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሰላምታ ለብሶም ይመጣል። ግን ሳትከፍቱት ስትቀሩ ክፉው አይቀርም። የሚቀረው ደጉ ነው። የሺመቤት ከሥራዋ አልተሰናበተችም፤ ማንም ሊያሰናብታት አስቦ አያውቅም ነበር። የምትፈራው ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ ያልፈራችው ደረሰ።

ልጅቷ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። ክረምቱ ገና አልወጣም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ እዚሁ፣ እየሰማችሁኝ። ሰላም ብላችሁት ነገሩን ያልነገራችሁት ሰው አለ፤ ጻፉለት። ሰላም ብሏችሁ እንዳላያችሁ ያለፋችሁትም አለ፤ ክፈቱት። ምናልባት በሌላ በኩል አንዲት እናት የልጇን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ጨርሳችሁ ቀና እስክትሉ ድረስ ጸሎቱን አልጀምርም።