ሳትዞር የተሻገረችው አሞራ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ልጅ ያለው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይቅረብ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም ነፋስም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ እመት አሞራ ትኖር ነበር። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ አጥናፉ፣ ሸጋውና ትርፌ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ከገደሉ ወዲህ የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ፤ ከገደሉ ወዲያ ግን ጥጋብ ነበር። ገደሉ ሰፊ ነው። ክንፉን እያርገበገበ የሄደ መሃል ላይ ይዝላል። የሚሻገረው ክንፉን ዘርግቶ በነፋስ ላይ መንሳፈፍ የተማረ ብቻ ነው። እመት አሞራ ክንፏ ተሰብሮ ስለነበር እሷ መሻገር አትችልም።

"እኔስ ኖሬያለሁ፤ ልጆቼ ይሻገሩልኝ" አለች።

በአገሩ መንሳፈፍ በማስተማር ስሙ የገነነ አያ ንስር ነበር። አጥናፉን ይዛ ሄደች።

"አያ ንስር፣ ቆንጥጠው ያስተምሩልኝ።"

"እኔ ዘንድ ማልቀስ የለም" አለ አያ ንስር።

ክንፉ ዝቅ ሲል አናቱን በመንቆሩ ጠቅ! ጅራቱ ሲጣመም ጠቅ! ሳይታዘዝ ሲያርገበግብማ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! "እኔ ሳላዝህ አንዲት ላባ እንዳትነቃነቅ!" አጥናፉም ተማረ። እንዴት ያለ መንሳፈፍ! ግን በየደቂቃው ዞር እያለ የአያ ንስርን ፊት ያያል።

የመሻገሪያው ቀን ደረሰ። አጥናፉ መሃል ሲደርስ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ነፋሱም ቀጥ አለ። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ማርገብገብ ነበር። አጥናፉ ግን ዞሮ ትእዛዝ ጠበቀ። እንደጠበቀ ወደቀ።

እመት አሞራ ጮኸች። "ገደል ሆይ፣ ልጄን ምን አደረግህብኝ?"

"እኔ ካለሁበት አልተነሳሁም፤ ነፋስን ጠይቂ" አለ ገደል።

"ነፋስ ሆይ፣ ልጄን ምን አደረግህብኝ?"

"ላርፍ ስል 'አርገብግብ!' ብዬ በጆሮው ነግሬው ነበር" አለ ነፋስ። "እሱ የሚሰማው የንስርን ድምፅ ብቻ ነው።"

አያ ንስር ለቅሶ መጣ። "ጥሩ ተማሪ ነበር፤ ከቃሌ ወጥቶ አያውቅም" አለና ተቀመጠ።

"ቁጣ ልጄን በላብኝ" አለች እመት አሞራ። ሸጋውን ለሌላዋ አስተማሪ ለእትዬ ጭልፊት ሰጠች። እትዬ ጭልፊት ክፉ ቃል ካፏ አይወጣም። ሲወጣ "ጎሽ!" ሲወርድ "ጎሽ!" ከድንጋይ ተላትሞ ሲነሳ እንኳ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ አነሳስህ ሲያምር!" ለእናቱም "እንዲህ ያለ ልጅ አስተምሬ አላውቅም" ትላታለች። ሙገሳው እናትየዋን ማር ማር አላት። እናትየዋ የሸጋው ግራ ክንፍ እንደሚዘም አይታ ነበር። አይታ ዝም አለች። ይህን ያዙልኝ።

ሸጋው ገና ግማሽ ሳይደርስ ነፋስ በግራ መጥቶ ገለበጠው።

"ገደል ሆይ፣ ልጄን ምን አደረግህብኝ?"

"ካለሁበት አልተነሳሁም አልኩሽ እኮ።"

"ነፋስ ሆይ፣ ልጄን ምን አደረግህብኝ?"

"ክንፍህ ዘሟል አልኩት። 'እትዬ ጭልፊት ያምራል ብላኛለች' ብሎ ሳቀብኝ።" ነፋስ መልሶ ጠየቃት። "አንቺስ እመት አሞራ፣ አላየሽም ነበር?"

እመት አሞራ ፊቷን በተሰበረው ክንፏ ሸፈነች።

እትዬ ጭልፊትም ለቅሶ መጣች። "እንዴት ብዬ ላስከፋው? አንጀቴ እንቢ አለኝ" አለች። አያ ንስርም መጥቶ ነበርና እዚያው ለቅሶ ላይ ሁለቱ አስተማሪዎች በትርፌ ተጣሉ። "ለእኔ ስጪኝ፣ እቀጣታለሁ!" "ለእኔ ስጪኝ፣ አቅፋታለሁ!" አስከሬን እንኳ ያልተገኘበት ለቅሶ ላይ!

ትርፌ ወደ እናቷ ተጠጋች። "እማዬ፣ አንቺ ንገሪኝ። ክንፌ ይዘማል?"

"ይዘማል" አለች እመት አሞራ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ግራውን ከፍ አድርጊው።"

አልነቆረቻትም፤ አላሞገሰቻትም። ያየችውን ነገረቻት። ሳይገባት ሲቀር ደግማ፣ ሠልሳ ነገረቻት። ትርፌ ዞራ ፊቷን ባየች ቁጥር ደግሞ "እኔን አትመልከቺ፤ ነፋሱን ስሚ!" ትላታለች።

ትርፌ ተነሳች። መሃል ላይ ነፋሱ ሲያርፍ አርገበገበች። በግራ ሲመጣ ክንፏን ከፍ አደረገች። ተሻገረች።

እመት አሞራ ከገደሉ ወዲህ ሆና አንገቷን አስግጋ ጠበቀች። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ዞር ብትልላት። ትርፌ አልዞረችም። እንዳትዞር ያስተማረቻት እናቷ ናት።

ዛሬም እመት አሞራ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አያ ንስርና እትዬ ጭልፊትም ዛሬም ያስተምራሉ፤ ተማሪ ሞልቷቸዋል። እሱ መፈራቱን ያያል፤ እሷ መወደዷን ታያለች። የልጁን ክንፍ ግን የሚያይለት የለም።

እናንተ የሰው ልጅ የምታስተምሩ፣ ብትቆጡም ብትለሳለሱም ጠባያችሁ ነው። ክንፉን እዩለት፤ ያያችሁትንም ሳይወድቅ ንገሩት።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን ግን ተዉት፤ ዛሬ አፌ መሮኛል።