አምስት ጊዜ ያረሰው ሰው

አንድ ገበሬ ነበር፤ ብርቱ ገበሬ። የጎጃም ደገኛ ነው፤ ስንሻው ይባላል። አገሬው ሦስት ጊዜ ሲያርስ እሱ አምስት ጊዜ ያርሳል። የሚዘራው ግን አንድ ነው። ካቻምና ስንዴ፣ አምና ስንዴ፣ ዘንድሮም ስንዴ!

ታዲያ ምርቱ ጨመረ? አልጨመረም። ስናርና ሙጃ የሚባሉት አረሞች ስንዴውን ለምደው አብረውት ይበቅላሉ። አረሙ ሲበዛ እሱ እርሻ ይጨምራል። እርሻ ሲጨምር በሬዎቹ ይከሳሉ። በሬዎቹ ሲከሱ ጅራፍ ያበዛል።

ድንበርተኛው አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ በሬዋን ከወንድሟ በሬ ጋር አቀናጅታ ሁለቴ ብቻ ታሳርሳለች። አንድ ዓመት ስንዴ፣ አንድ ዓመት ባቄላ ታፈራርቃለች። ስንሻው በማሳዋ ባለፈ ቁጥር፣ "ይሄ እርሻ ነው ወይስ የዶሮ ጭረት?" ይላል፤ እየሰማችው።

አንድ ሰኔ፣ አራተኛውን እርሻ ሲያርስ፣ ቦራ የሚባለው በሬው ከነቀንበሩ ተንበረከከ። ጮኸበት፤ አልተነሣም። ጅራፉን ሲያነሣ የበሬውን ዓይን አየ። እንባ አቅርሯል።

ጅራፉን ጣለ። ቀንበሩን አወረደለትና አጠገቡ አፈር ላይ ቁጭ አለ። በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው አለቀሰ።

ከማሳዋ ሆና ያየችው አንጓች ሣር ታቅፋ መጣች። ለበሬው እያጎረሰች፣ "አያ ስንሻው፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ ድካም ነው" አለችው።

"መዝሪያው እኮ ደረሰ! መሬቱ ገና አልለሰለሰም!"

"መሬቱ መች ማረሻ አነሰው? አንድ ዓይነት እህል ነው ያሰለቸው። ዘንድሮ ባቄላ ዝራበት። ዘሩን እኔ እሰጥሃለሁ።"

"አገሩ ምን ይለኛል?"

"አገሩማ ይስቅብሃል። በእኔም ሲስቅ ነበር፤ አንተም ጭምር።"

ስንሻው አቀረቀረ። "ይቅር በይኝ" አላት።

ባቄላ ዘራ። ሰዉ ሳቀበት። ቦራ ክረምቱን አርፎ፣ በበጋ የባቄላ ገለባ በልቶ ጫንቃው ሞላ። በዓመቱ ስንሻው ሁለቴ ብቻ አርሶ ስንዴ ዘራ። አፈሩ በእጅ ሲጨብጡት ይፈረፈራል፤ ስናሩም ሳስቷል። በአምስት እርሻ ያላገኘውን ስንዴ በሁለት እርሻ አገኘ!

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ስንሻው ሰነፍ ነበር? አልነበረም። ጉልበት አነሰው? አላነሰውም። እንዲያውም ያታለለው ጉልበቱ ነው። ብዙ ስለለፋ ልክ የሆነ መሰለው።

እናንተስ?

ልጁን በየቀኑ በዚያው ነገር የሚቆጣ አባት እዚህ የለም? ልጇ አልሰማ ባለ ቁጥር ድምፅዋን ከፍ የምታደርግ እናት የለችም? "ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ" ትላላችሁ። ሺህ ጊዜ ከተነገረው፣ ሺህ አንደኛው ምን ሊጨምርለት ነው?

እግዚአብሔር ልፋታችሁን አይንቅም። ግን ልፋት ሁሉ ፍሬ አይደለም። የዘራችሁትን ቀይሩ! ቁጣ ዘርታችሁ ከነበረ ጆሮ ዝሩ። ምክር ዘርታችሁ ከነበረ ሳቅ ዝሩ። ያፈራል፤ እኔ አልጠራጠርም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን ሁልጊዜ የምትቆጡበትን ነገር አታንሡ። ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡ። "እንዴት ዋልክ?" በሉት። ከዚያ ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም በሉ።