ፊንታን በልጁ አንገት ላይ ያሰረው እንጨት

አንድ ተረት ነጋሪ በአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ድንጋይና ነፋስ በበዛበት የባሕር ዳርቻ ይኖር ነበር። ስሙ ፊንታን ይባላል። ብርዱ ሲጠናና ሥራ ሲፈታ መንደርተኛው እሱ ቤት ይታደማል። እሱም የጥንት ነገሥታቱን፣ የጀግኖቹንና ከኮረብታ ሥር ይኖራሉ የሚባሉትን ስውራን ታሪክ ይተርካል። አፉ ማር ነው። ልጅ ሆኖ እሱን እየሰማ ያልፈራና ያልሳቀ በዚያ መንደር አልነበረም። ያን ሁሉ የሚተርከው ከአባቶቹ በወረሰው በአይሪሽ ቋንቋ ነበር። ሌላማ ከየት ያመጣል? እንግሊዝኛ የሚያውቀው ወደብ ላይ ሲሸከም የለቃቀማትን ጥቂት ቃል ብቻ ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። የገዛ ልጁን አንደበት በእጁ ያሰረው ይኸው ሰው ነው።

ነገሩ ከረሃብ ይጀምራል። በዚያ አገር የድሃው ምግብ ድንች ነበር፤ ድንች ብቻ። አንድ ዓመት በሽታ ገባና ማሳው ሁሉ ጠቆረ። ድንቹ ሲቆፈር በእጅ ላይ ይፈርሳል፤ ሽታው ያስመልሳል። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ሆነ። ሰው በየመንገዱ ረገፈ። ያኔ ለተራበ ሰው መንገድ እያሠሩ የሚያበሉ አለቆች መጡና የፊንታን ታላቅ ወንድም ሄዶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ አለቃው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው። ወንድምየው አልገባውም፤ ዝም ብሎ ቆመ። አለቃው በእጁ ገፋ አድርጎት ቀጣዩን ጠራ። ወንድምየው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ።

ፊንታን ሬሳውን በጀርባው አምጥቶ ቀበረ። «ወንድሜን የገደለው ረሃብ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ አለማወቁ ነው» አለ። ይህን ስላለ ማን ይፈርድበታል? ያየውን ነው የተናገረው። አንዲት ልጁን ሶርካን እያየም በልቡ ማለ፦ «ይቺ ልጅ እንደ አጎቷ አትሞትም።»

ረሃቡ አለፈ፤ በመንደሩም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ወላጆችን ሰበሰበና ገመድ የተበጀለት አጭር እንጨት ለየቤቱ አደለ።

«ይህን በልጃችሁ አንገት ላይ እሰሩ» አላቸው። «ቤት ውስጥ አይሪሽ በተናገረ ቁጥር እንጨቱን በቢላ ጫር አድርጉት። ጠዋት እኔ ጭረቱን አይቼ በአርጩሜ ልክ አገባዋለሁ።»

ወላጆቹ እንጨቱን በመምህሩ ራስ ላይ የሰበሩት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። እግዜር ይስጥልን ብለው ተቀበሉት! ሁሉም የቀበረው ሰው ነበረው፤ ሁሉም ልጁ እንዲተርፍለት ይፈልግ ነበር። ፊንታንማ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ዘረጋ።

ሚስቱ ኡና እንጨቱን ሶርካ አንገት ላይ ስታየው ክው አለች።

«ምንድን ነው ይሄ? ልጄ ጥጃ ናት?»

«ትምህርት ነው» አላት።

«አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? እኔ እንግሊዝኛ የሚባል አንድ ቃል አላውቅም። ልጄ ከእኔ ጋር በምን ታውራ?»

«ትንሽ ታገሺ። ቋንቋው ሲገባት አንቺንም ታስተምርሻለች።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ዝም ትበል። ዝምታ ማንን ገደለ?»

ኡና ዞር ብላ እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች።

የመጀመሪያው ጭረት የመጣው በደስታ ነው። ሶርካ ከጓሮ እየበረረች ገባችና «እማዬ! ድመቷ ወለደች!» ብላ ጮኸች፤ በአይሪሽ። እናቷ ልትስቅ ስትል ፊንታን ቢላውን አወጣ። ልጅቷን ወደ ራሱ ስቦ፣ እንጨቱን ይዞ ጫረው። በማግሥቱ ልጅቷ መዳፏ አብጦ መጣች። ፊንታን ያን ዕለት ምግብ አልወርድልህ አለው። ቢሆንም «ዛሬ ትመታ፤ ነገ እንጀራ ትበላለች» እያለ ራሱን አጽናና።

ሰው ልጁን እየጎዳ ደግ የሠራ ሲመስለው ከማየት የሚያስደነግጥ ምን አለ? በክፋት ቢያደርገው እኮ ጎረቤት ይገሥጸዋል። ለደግ ብሎ ሲያደርገው ግን ጎረቤቱ ሁሉ ጎበዝ አባት አለው።

ልጅ ብልህ ነው፤ ቶሎ ይማራል። ሶርካ የተማረችው ግን እንግሊዝኛውን አልነበረም፤ ዝምታውን ነው። ቀስ በቀስ ጭረቱ ቀነሰ፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ከእናቷ ጋር በጥቅሻና በእጅ መነጋገር ጀመረች። ሲርባት ወደ ድስቱ ታያለች፤ ሲያማት ሆዷን ትይዛለች። ፊንታን ያልተጫረውን እንጨት እያገላበጠ ያይና ደስ ይለዋል። ጎረቤት ሲመጣም ያስቆማትና «በይ አሰሚያቸው» ይላታል። እሷም ግድግዳውን እያየች በእንግሊዝኛ «እንደምን አደሩ ጌታዬ፤ እኔ ጥሩ ልጅ ነኝ» ትላለች። ጎረቤቱ ያጨበጭባል።

ተረቱንም ተወው። ልጅ ባለበት ቤት የአይሪሽ ተረት አይሰማም አለ። አንድ ቀን ኮልም የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት መጥተው በር ላይ ቆሙና፣ «ፊንታን ልጄ፣ ያን ሁሉ ተረት ማን ይውረሰው?» አሉት።

«አባቴ፣ ተረት ወንድሜን አብልቶታል?» አላቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። እውነቱን ነው፤ ተረት አላበላውም። እንዲህ ያለ መልስ ግን ሰውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳምነውም።

አንድ ጠዋት ደግሞ ኡና የሶርካን ፀጉር እያበጠረች ሳለ ልጅቷ አለቀሰች። «ምን ሆንሽብኝ የኔ ዓለም?» ብትላት ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተናገረችም። ኡና ማበጠሪያውን ወርውራ ወደ ባሏ ዞረች።

«ልጄን በቁሟ ቀበርካት!»

«ከመቃብር እያወጣኋት ነው» አላት። የልቡን ነው የተናገረው። እንጨቱን አንገቷ ላይ ሲያስር ይቺን ልጅ ከሞት እያዳነ ነበር የሚመስለው፤ ሌላ ነገር አልታየውም።

የድንች መትከያው ወቅት ደረሰ። በዚያ ዳርቻ መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ የሚያፋፋው ከባሕር የሚለቀም ሣር ነው። ባሕሩ በየቀኑ ይሸሻል፤ ይመለሳል። ሲሸሽ ሰው ራቅ ወዳሉት ድንጋዮች ሄዶ ሣሩን ያጭዳል፤ ሳይመለስ በፊት ይወጣል። ክፋቱ ውኃው ፊት ለፊት አይመጣም። ከድንጋዩ ጀርባ፣ በዳርቻው በኩል ያለውን ጎድጓዳ ቀድሞ ይሞላዋል። አጎንብሶ የሚያጭድ ሰው ቀና ሲል ዙሪያውን ውኃ ሆኖ ያገኘዋል። ደግሞ የዚያ ጠረፍ ሰው ዋና አይማርም። «ባሕር የራሱን ይወስዳል፤ መዋኘት ጣርን ማርዘም ነው» ይላሉ።

ስለዚህ ጥንት የሠሩት አንድ ደንብ አላቸው። ሰው ድንጋዩ ላይ ሲወርድ ሌላ ሰው ከፍ ካለው አፋፍ ላይ ቆሞ ውኃውን ይጠብቃል። ጎድጓዳው መሙላት ሲጀምር «ውኃው መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱን የሰማ ማጭዱን ጥሎ ይሮጣል። አያቶቻቸውም አባቶቻቸውም የጮኹት ይህንኑ ነው፤ በአይሪሽ።

ያን ዕለት ድንጋዩ ላይ የወረደችው ኡና ነበረች። ፊንታን እርጥቡን ሣር እየተሸከመ ወደ ላይ፣ አህያው ወደ ታሰረበት ያመላልሳል። ውኃውን እንድትጠብቅ አፋፉ ላይ ያቆመው ሶርካን ነው። እንጨቱ አንገቷ ላይ ነበር።

እግዚኦ! ጠባቂን አፉን ዘግቶ የሚያቆም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊንታን ግን ከቶም አልታሰበውም። እሱም በልጅነቱ እዚያው አፋፍ ላይ ቆሞ ሲጮህ ነው ያደገው። ያ ጩኸት ከአፉ ሲወጣ ኖሮ፣ ቋንቋ መሆኑን ረስቶታል።

ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ጭነቱን ሲያስር ኮቱ ተጎተተ። ዞር ሲል ሶርካ ናት። ታለከልካለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ምንድን ነው?» አላት በእንግሊዝኛ፤ ከሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ነው።

«ባሕር» አለች ልጅቷ፤ በእንግሊዝኛ።

ፊንታን ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው! ልጁ ሳትጠየቅ፣ ሳትገደድ፣ ራሷ መጥታ እንግሊዝኛ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«ጎበዝ! ባሕሩስ? ባሕሩ ምን ሆነ?» አላት።

«ባሕር... ባሕር...» እጇን ወደ ታች ዘረጋች።

እሱ ገመዱን እያጠበቀ፣ «በእጅ አይደለም፣ በአፍሽ። ጨርሺው የኔ ልጅ፤ ታውቂዋለሽ እኮ» አላት። ይህን ያላት በአይሪሽ ነው፤ እንግሊዝኛው አልቆበት ነበር። ለእሱ ደግሞ እንጨት የሚጭርለት የለም።

ሶርካ እንጨቱን በእጇ ጨብጣ ቃል ፈለገች። አንዱን ስትጀምር ይጠፋባታል፤ ሌላውን ስትጀምር ይጠፋባታል። «ባሕር... ጌታዬ... እባክዎ ጌታዬ... ባሕር...» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ፊንታን ያኔ ነው እንባዋን አይቶ ወደ ባሕሩ የዞረው።

ጎድጓዳው ሞልቷል። ኡና ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆማለች። ውኃው ጉልበቷን አልፏል፤ ሁለት እጇን ታወዛውዛለች። ትጮኻለች፤ ነፋሱ ግን ድምፅዋን ይወስደዋል።

ቁልቁል በረረ። እየወደቀ እየተነሣ ወረደና ውኃው ውስጥ ገባ። ደረቱ ላይ ሲደርስ ሞገዱ አንሥቶ ወደ ዳር ወረወረው። ተነሥቶ ገባ፤ አሁንም መልሶ ወረወረው። ዓይኑን ከጨው ጠርጎ ቀና ሲል ድንጋዩ ላይ ሰው አልነበረም። ድንጋዩም አይታይም ነበር።

«ኡና! ኡና!» እያለ ጮኸ፤ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ኋላም ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። ዞር ሲል ሶርካ አጠገቡ ቆማለች። ትከሻዋን ይዞ ናጣት።

«ለምን አልጮኽሽም? ለምን? አንድ ጊዜ ብትጮኺ ትወጣ አልነበረም?»

ልጅቷ ስንት ጊዜ ያልሰማውን ድምፅ አወጣች፤ በአይሪሽ፣ በሹክሹክታ።

«ቃሉን እየፈለግሁ ነበር አባዬ። ውኃው መጣ ማለት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ወዲያው በአይሪሽ መናገሯ ትዝ ሲላት ደነገጠች። እንጨቱን ከአንገቷ አውልቃ፣ እንዲጭረው ዘረጋችለት።

ፊንታን ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ቃሉን ፈለገ። ወደብ ላይ ከለቀማቸው መካከል ፈለገ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ካመጣቻቸው መካከል ፈለገ። የለም። እሱም አያውቀውም ነበር! ሚስቱ ስትሰጥም ጨርሺው እያለ ከልጁ የጠየቀውን ቃል፣ እሱም አያውቀውም ነበር።

ይህን ለሰው ስትነግሩት «ታዲያ የሰው አገር ቋንቋ አንማር?» የሚል አይጠፋም። ይማሩ እንጂ! ፊንታን ልጁ እንግሊዝኛ እንድታውቅ መፈለጉ ጥፋት አልነበረም፤ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው። ጥፋቱ አዲሱን ለመጨመር የነበራትን መንጠቁ ነው። ልጅ አዲስ ቋንቋ እስኪገባው ዓመታት ይፈጃል፤ የእናቱን ቋንቋ ግን በአንድ ቢላ ልናስጥለው እንችላለን። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ያ ልጅ በምን ይናገራል? ሲያመው፣ ሲፈራ፣ ሰው ሲነካው፣ ውኃው ሲመጣ በምን ይጮኻል?

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ፊንታን የፈራው አፍ አጥቶ የሚሞት ሰው ነበር፤ በገዛ ቤቱ አፍ ያጣ ሰው አሳደገ። ዛሬ በልጅ አንገት ላይ እንጨት የሚያስር የለም፤ እንጨት አያስፈልገንም። ልጁ በአያቱ ቋንቋ ሲናገር መሳቅ ይበቃል፤ እንግዳ ፊት ማፈር ይበቃል፤ «እንደሱ አይባልም» ብሎ መቆጣት ይበቃል። ይህን ለልጅ አባት፣ ለልጅ እናት ንገሩ።

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እስቲ ልጃችሁን በደንብ እዩት። ዝም ካለ ጨዋ ሆኖ ነው፣ ወይስ ቃል እየፈለገ?