ሳጥኗና ያልተሸፈነው ሶላር

ተረት ልንገራችሁ፣ ጠጋ በሉ።

«ጠጋ ብለናል፣ ይንገሩን።»

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን ነው። ድሮ ሶላር ነበረ ወይ ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ በተረት አገር የሌለ ነገር የለም። አንጓች በምትባል ባልቴት ቤት ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ይኖሩ ነበር። ሶላር ቆርቆሮው ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ይጠጣል። ባትሪ አልጋ ሥር ተቀምጦ ያጠራቅማል። ትንሿ ሳጥን ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ በሁለቱ መሃል ትገላግላለች። ሶላር ሲያበዛ «ቀስ» ትለዋለች፤ ባትሪ ሲጠግብ «በቃህ» ትለዋለች። ሳጥኗ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባትሪ በሌለበት ከሶላር ጋር ብቻዋን መቅረትን። የሶላርን ጉልበት የሚቀበልላት ባትሪ ነውና።

የአንጓች ባል አቶ መኩሪያው ይህን ያውቁ ነበር። ባትሪውን ሊያጸዱ ሲፈልጉ ጣሪያ ወጥተው ሶላሩን በወፍራም ጋቢያቸው ይሸፍኑታል። ከዚያ አስቀድመው የሶላሩን ገመድ፣ አስከትለው የባትሪውን ይነቅላሉ። ሲመልሱም መጀመሪያ ባትሪውን፣ መጨረሻ ሶላሩን። ጎረቤት «ሰውየው ለመስታወት ጋቢ ያለብሳሉ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ሞቱ፤ ጋቢያቸውም እንደ አገሩ ልማድ ለነዳያን ተሰጠ።

አርባቸው ሲቃረብ መብራቱ ይርገበገብ ጀመር፤ የባትሪው ጫፍ ዝጎ ነበር። አንጓች ከሩቅ የሚመጡት እንግዶች በጨለማ እንዳያድሩ ሰግታ የሰፈሩን ዕቃ የምትጠግነውን ጦጢትን አስጠራች። ጦጢት እጇ ቀልጣፋ ነው፤ ጆሮዋ ግን አይሰማም። በቀትር ፀሐይ መጣች።

«እመት ጦጢት፣ መጀመሪያ ሶላሩን ይንቀሉ» አለች ሳጥኗ።

«መብራቱን አጥፍቼዋለሁ፤ ቤቱ ተኝቷል።»

«እኔ አልተኛሁም» አለ ሶላር ከላይ። «ፀሐይ እያየችኝ መተኛት አልችልም። ሸፍኑኝ።»

«ጋቢው የለ፣ በምን ልሸፍንህ?»

«እመት ጦጢት፣ ጆንያም ይሆናል» አለች ሳጥኗ።

«በሐዘን ቤት ጣሪያ ላይ ጆንያ አንጥፌ የሰው መሳቂያ ልሁን?»

«እመት ጦጢት፣ እንግዲያው ባትሪውን አስቀድመው አይንኩብኝ። እሞታለሁ።»

«የቤቱ ልብ ባትሪው ነው። ልቡ ከወጣ ምን ይቀራል?» አለችና ባትሪውን ነቀለችው።

ሳጥኗ ሶላርን «ቀስ» አለችው። ሶላር ግን መስጠት እንጂ ቀስ ማለት አያውቅም። «ቀስ» አለች ደግማ። ሦስተኛውን ሳትጨርስ ውስጧ ተቃጠለ።

ጦጢት ዝገቱን ጠርጋ ባትሪውን መለሰችው።

«አለሽ?» አለ ባትሪ። ዝም።

«እህቴ፣ አለሽ?» ዝም።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጦጢት «ድሮም አርጅታ ነበር» ብላ በጓሮ በኩል ወጣች።

እንግዶቹ መጡ፣ በኩራዝም አደሩ። አንጓች ከሳጥኗ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። «የእሳቸውን ሞት እንደምንም ችዬው ነበር፤ አሁን ግን ቤቱም አብሮ የሞተ መሰለኝ» አለች።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቤት ውስጥ መብራት ጠፋ ብላችሁ ጣሪያ ላይ ያለውን ተኝቷል አትበሉ። አፍራችሁም ሳትሸፍኑት አትቅሩ። ስትነቅሉ እሱን አስቀድሙ፣ ስትመልሱ እሱን አስከትሉ። እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተም ላልሰማ ንገሩልኝ።

ሶላር ግን በማግስቱ ከጣሪያው ላይ ጠየቀ፦ «እህቴ ዛሬ አልቀበልህም አለችኝ፤ ተቀይማኝ ይሆን?» ማንም ሊነግረው አልደፈረም። ፀሐይ ወጣች፤ እሱም መስጠቱን ቀጠለ።