ትልቋ የጅብ ሽንኩርትና የእመት ፍልፈል ወሬ

ይህችን ተረት ያቀበለችኝ ቅመም ሻጯ ጥሩወርቅ ናት። ከገበያ ስንመለስ ሸክም በጀርባ፣ ወሬ በአፍ ነው የምንሄደው፤ ዳገቱ እንዲያጥርልን። እሷ ከአክስቷ ሰማሁ ትላለች፤ አክስቷ ከማን እንደሰማች አልጠየቅኳትም። እንግዲህ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ይቅረብ። ተረቴን ላምጣ? አምጪው በሉኝ።

በድሮ ጊዜ፣ አፈር ሲናገር ድንጋይ በሚያደምጥበት ዘመን፣ በአንድ መንደር ሁለት የጅብ ሽንኩርቶች ነበሩ። ስማቸውን አትመልከቱት። ጅብ ቀምሷቸው አያውቅም፣ ወጥ ውስጥም አይገቡም። ስም አውጪ ምን ቸገረው፣ አውጥቶ ሄደ። ዓመቱን አፈር ውስጥ ተሸፋፍነው ይተኛሉ። የበልግ ዝናብ ሲጥል ግን ቅጠል እንኳ ሳይጠብቁ አንድ ዘንግ ይመዛሉ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀይ፣ ድቡልቡል፣ የሕፃን ራስ የምታክል አበባ ትከፈታለች። ጓሮው ገና ደረቅ፣ ዛፉ ገና አቧራ እንደለበሰ እሷ ብቻ ቀልታ ስትታይ፣ ያያት ሰው የያዘውን ይዞ ይቆማል።

ሁለቱ እህትማማች ነበሩ። ትልቋ የምትኖረው እትዬ ትርንጎ ጓሮ ውስጥ ነው። እትዬ ውድነሽ ባል አግብታ አጠገቧ ጎጆ ስትወጣ፣ እትዬ ትርንጎ ከትልቋ ጎን ትንሿን ገነጠለችና፣ "ጓሮሽ ባዶ አይሁን፤ ይችን ትከዪ" ብላ ሰጠቻት። በመሃል የነበረው አጥር የእንጨት ርብራብ ነው፤ ዶሮም ወሬም ያሳልፋል። በልግ በጣለ ቁጥር እህትማማቾቹ ብቅ ይሉና በርብራቡ ቀዳዳ ይተያያሉ።

"እታለም፣ ከረምሽ?"

"ከረምኩ እታለም፣ አንቺስ?"

ያ ብቻ ነው። አበባቸው ብዙ አይቆይም፤ ይረግፋል፣ ይተኛሉ። ለዓመቱ ግን ያ ይበቃቸዋል።

ሴቶቹም እንዲሁ ነበሩ። "ነይ የእኔዋ ቀደመች" ትላለች አንዷ። "ዋሸሽ፣ የእኔዋ ናት" ትላለች ሌላዋ። አበባዋ የተቀደመባት ሴት ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ከዚያ ከአበባዋ አጠገብ ቁጭ ብለው ንፍሮውን እየቆረጠሙ መንደሩን ያሙታል። ሐሜቱም እንደ አበባው በዓመት አንዴ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ።

አንድ ዓመት ታዲያ የእትዬ ውድነሽ ዶሮዎች ገብተው የእትዬ ትርንጎን ጎመን ጫሩት። እትዬ ትርንጎ፣ "ዶሮሽን ያዢ" አለች። እትዬ ውድነሽ፣ "ዶሮ ምን ታውቃለች፣ አንቺ ጎመንሽን ያዢ" አለች። ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይነገራል፣ በመቃብር ያሉ እናቶቻቸው ሳይቀሩ ተነሡ። ተኳረፉ። ርብራቡ ተነቀለ፣ በቦታው ቅንጭብ ተተከለ፤ ቅንጭቡም የኩርፊያ ነገር ሆኖ ቶሎ በቀለ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ወገብ ደረሰ።

ትልቋ በልግ ሲጥል ብቅ ብትል ፊት ለፊቷ ቅንጭብ ብቻ ሆነ። የእሷ ዘንግ ከጉልበት አያልፍም። በዓመቱም ብቅ አለች፣ ቅንጭብ። እህቷን ሳታይ አበባዋ ረገፈ። አፈር ውስጥ ተመልሳ ስትተኛ እንቅልፍ የለም፤ "እታለም ከረምሽ?" የሚላት አጣች።

"በሚመጣው በልግ ያለኝን ሁሉ አወጣና ወገብ እደርሳለሁ" አለች ለራሷ። "በቅንጭቡ ራስ ላይ አሻግሬ አያታለሁ። አንድ ጊዜ ካየኋት ይበቃኛል።"

የጅብ ሽንኩርት ልብስ ላይ ልብስ ለብሳ ነው የምትተኛው፤ ልብሷም ስንቋ ነው። ዘንግ የምትመዘው ከዚያ ስንቅ ነው። ስለዚህ ትልቋ ልብሷን እየደራረበች፣ ስንቋን እያጠራቀመች በልጉን ትጠብቅ ጀመር።

ናፍቆት ግን ዝም ብሎ መጠበቅ መች ያውቃል። ቅንጭቡን ጠራችው።

"አያ ቅንጭብ፣ ሥርህ ወዲህም ነው ወዲያም ነው። እህቴ እንዴት ናት?"

"እኔ አጥር ነኝ" አለ ቅንጭቡ። "የወዲያውን ለወዲህ፣ የወዲህን ለወዲያ አልናገርም። የተተከልኩት ለዚህ ነው።"

"ደህና ናት ብቻ በለኝ።"

"አጥር ነኝ አልኩሽ።"

ይህን ስትሰማ የከረመች እመት ፍልፈል አፈሩን እየገፋች መጣች። ጥርሷ ከከንፈሯ ውጪ፣ ዓይኗ አለ ከሚባል የለም ቢባል የሚቀል። እንዲህ ያለችዋ ናት ሁሉን አየሁ የምትል።

"እኔ ከአጥር በታች ነው የማልፈው" አለች። "ለእህትሽ የምትልኪው ነገር ካለ አደርስልሻለሁ። ታዲያ መንገደኛ በባዶ ሆዱ አይሄድም።"

"ምን ልስጥሽ?"

"ላይ ያለችውን ልብስሽን። አርጅታለች፣ ለምን ትሆንሻለች?"

ትልቋ የላይኛዋን ልብሷን ሰጠቻት። ፍልፈል በላች፣ ሄደች፣ ተመለሰች።

"አየሻት?"

"አየኋት።"

"ምን አለችሽ?"

"ደህና ናት። ወፍራለች። 'እታለም ከረምሽ?' በያት ብላኛለች።"

ትልቋን ደስታው አላስተኛት አለ። ቅንጭቡ ሥሩን ሰብሰብ አደረገ።

ፀሐይ ከረረ፤ ሁዳዴ ገባ። ፍልፈል ደግማ መጣች።

"እህትሽ መልእክት አላት። ሆዴ ግን ከጀርባዬ ተጣብቋል።"

"የላይኛዋን ሰጥቼሻለሁ እኮ።"

"ከሥሯ ሌላ የለም እንዴ? ነው ወይስ እህትሽ ከልብስ አነሰችብሽ?"

ቅንጭቡ አሁን አልቻለም፤ "አንቺ ሽንኩርት፣ ለዘንግሽ አስቀሪ" አለ በለሆሳስ።

"እንግዲያው አንተ ንገረኝ" አለችው። "እህቴ እንዴት ናት?"

ቅንጭቡ ዝም አለ። ትልቋም ልብሷን አወለቀች። ፍልፈል በላች፣ ሄደች፣ ተመለሰች።

"አየሻት?"

"አየኋት።"

"ምን አለችሽ?"

"'ቅንጭብ ከተተከለ ወዲህ ፀሐይ ራሱ ሌላ ሆነብኝ' ትላለች። ስምሽን ስጠራላት አለቀሰች።"

ትልቋም አብራ አለቀሰች። ይቺ ፍልፈል ደግሞ፣ መቼም እውነቱ ይነገር፣ ወሬ አሳምራ ታውቃለች። ስለ ሆዷ ብላ ብትናገርም የምትናገረው አንጀት ይበላል።

በልግ ይጥላል የተባለበት ጊዜ መጣ፤ ሰማዩ ግን እንደ ተወለወለ ሰሐን ነው። ደመና መጥቶ ያይና ይሄዳል። ፍልፈል ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

"የመጨረሻ መልእክት ነው" አለች። "ይህችን ካልሰማሽ ይቆጭሻል።"

ትልቋ የቀራትን ቆጠረች። ከልቧ ላይ የተጣበቀችው ብቻ ናት የቀረችው፣ ቀጭን፣ እንደ ነጠላ ጥለት። እሷን ከሰጠች በምን ትነሣለች? እሷን ካልሰጠች ደግሞ እህቷ ያለችውን በምን ታውቃለች? ግማሿን ቀደደችና ሰጠቻት።

"አየሻት?"

"አየኋት።"

"ምን አለችሽ?"

"'ዘንድሮ ብቅ በዪልኝ፤ እጠብቅሻለሁ' ብላለች።"

ከዚያ በኋላ ትልቋ ሌላ ነገር መስማት ተወች። እጠብቅሻለሁ ብላለች፣ እጠብቅሻለሁ ብላለች፤ ይህንኑ ስትደጋግም ዋለች። ዝናብ ግን የለም። ስንቋ አለቀ፤ ዝናቡ ከዘገየ እዚያው ደርቃ መቅረቷ ነው።

እትዬ ትርንጎ በዚያ ሰሞን ለፋሲካ ጠላ ልትጠምቅ ጋኗን አውጥታ በግራዋ ቅጠል ስታሽ ዋለች። ባለሙያ ናት፣ ይህን አንነፍጋትም። አሽታ አሽታ እጣቢውን አንሥታ ጓሮ ደፋችው። ያን የመሰለ እጣቢ በፊት ጎመኑ ሥር ነበር የሚደፋው፤ ዘንድሮ ግን ጎመኑ በፀሐይ አልቆ ቦታው ባዶ ስለነበር እጇ ወዳደረሳት ደፋችው፣ ትልቋ ራስ ላይ።

ውሃው ወረደ። ትልቋ ደነገጠች።

"ዝናብ ነህ?" አለችው ውሃውን።

"ነበርኩ" አለ እጣቢው። "አምና ክረምት ዝናብ ነበርኩ። ከዚያ ምንጭ ሆንኩ፣ ከዚያ እንስራ ገባሁ፣ ከዚያ ጋን አጠብኩ።"

"ታዲያ ምን አመረረህ?"

"ግራዋ ነዋ። ጋን በምን የሚታጠብ መሰለሽ?"

"ዝናብ ከነበርክ ይበቃኛል" አለች ትልቋ፣ ምሬቱን ጨልጣ ጠጣችው።

ዘንጓን መዘዘች። ጉልበት ላይ ስትደርስ ደከማት፤ እህቴ እየጠበቀችኝ ነው አለች። ጭን ላይ ስትደርስ ሥሯ ተንቀጠቀጠ፤ እህቴ እየጠበቀችኝ ነው አለች። ወገብ ላይ ደረሰች። ፀሐይ ሞቅ ሲል አበባዋ ፈነዳ፤ ቀይ፣ ድቡልቡል፣ ከቅንጭቡ ራስ በላይ። አሻግራ አየች።

ጤና አዳም አለ። የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። አንዲት ዶሮ አቧራ ትታጠባለች። ቀይ ነገር የለም።

"ዝናብ ስላልጣለ ተኝታ ነው" አለች። "አያ ቅንጭብ፣ ተኝታ ነው አይደል?"

ቅንጭቡ ሥሩን መልሶ ሰብሰብ አደረገ።

እትዬ ውድነሽ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየቻት። የያዘችው ነጠላ እዚያው ሳፋ ውስጥ ተመልሶ ወደቀ። እንዲህ ቆማ፣ አንገቷን እንዲህ አድርጋ፣ አየቻት። ሰው ያየኛል ብላ ግራ ቀኝ ቃኘች፤ ከማዶ ጋን የምታሽ አንዲት ሴት ብቻ አለች።

"ያንቺዋ ናት?" አለች።

እትዬ ትርንጎ ከጋኗ ቀና አላለችም። "የማን ልትሆን?"

"ዝናብ ሳይጥል?"

"እጣቢ ደፍቼባታለሁ መሰለኝ።"

"እንዴት አባቷ ቀልታለች።"

ጋኑ ይታሻል። ዶሮዋ አቧራዋን ታራግፋለች።

"ቀርቤ ልያት?" አለች እትዬ ውድነሽ።

"በሩን ታውቂው የለ። ካልተዘነጋሽ።"

ዞራ በበሩ መጣች። ከአበባዋ አጠገብ ቁጭ አለች። እትዬ ትርንጎም እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጥታ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ኩርፊያ ወዲያው አይለቅም።

"ያንቺዋ አልወጣችም ገና?"

"የእኔዋማ የለችም።"

"እንዴት የለችም?"

"ፍልፈል በላት። ቅንጭቡ በተተከለ በዓመቱ። ልኮተኩት ብቆፍር ጉድጓዷ ብቻ ቀርቷል።"

"ይህን ያህል ጊዜ? ምነው አልነገርሽኝም? ሌላ እሰጥሽ አልነበር?"

"በየት አፌ? ተኳርፈን።"

ትልቋ ሁሉንም ሰማች። አበባዋ አልተንቀሳቀሰም፤ ነፋስም አልነበረም።

"አያ ቅንጭብ" አለች ሴቶቹ ሲነሡ። "ታውቅ ነበር?"

"ሥሬ ላይ ነው የበላቻት" አለ ቅንጭቡ። "አጥር ሆኜ ነው።"

ያን ዕለት ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ እመት ፍልፈል አፈሩን እየገፋች መጣች። ወሬው ከላይ መነገሩን አልሰማችም፤ ከወሬ ሁሉ የቀረባት ይኸው አንዱ ነው።

"እህትሽ አየችሽ" አለች። "'አማረብሽ' ብላለች። 'ቀይ ሆነሽ ስትታዪ ዕድሜዬ ረዘመ' ብላለች። እንግዲህ የቀረችው ግማሽ ልብስ..."

"በልተሻታል" አለች ትልቋ።

ፍልፈል ጥርሷን ልትሸፍን ሞከረች፤ ከንፈሯ አይደርስም። ወደ መጣችበት ልትዞር ስትል ትልቋ ጠራቻት።

"የቀረችውን ብዪያት፣ ውሰጃት። ብቻ ያን ደግመሽ ንገሪኝ።"

"የቱን?"

"ያንን። እታለም ከረምሽ ያለችውን።"

ፍልፈል ቆመች። ከዚያም ምንም ሳትበላ፣ በቀስታ፣ "እታለም፣ ከረምሽ?" አለቻት።

"ከረምኩ" አለች ትልቋ።

ጎረቤት ሲኳረፍ ወሬ የምታመላልሰው ፍልፈል ናት፤ የናፈቀም መልእክተኛ አይመርጥም።

የትልቋ አበባ በልጉ ሳይጥል ረገፈ። በዓመቱ ቅጠል ብቻ አወጣች፤ በሚቀጥለው አበበች፣ ጉልበት ድረስ። እመት ፍልፈል ወደ ሰው ድንች ማሳ ተሻገረችና እዚያ በወጥመድ ተያዘች። ቅንጭቡን ከመሃሉ ቆርጠው መተላለፊያ አወጡበት፤ ወተቱ ደርቆ ዳርና ዳሩ አሁንም አለ። እትዬ ትርንጎና እትዬ ውድነሽ ይነጋገራሉ፤ ስለ ዶሮ ግን አያነሡም። ከትልቋ ጎን የተገነጠለችው አዲሷ ልጅ እትዬ ውድነሽ ደጅ በዘይት ቆርቆሮ ተተክላለች፤ ገና አላበበችም።