የፊታውራሪው ቦርጭ

ፊታውራሪ ወንድይራድ ቦርጫቸው ገፍቶ ገፍቶ ዝናራቸው አልገጥም ቢላቸው፣ በክንዱ ጥንካሬ የታወቀ አንድ ምላሰኛ ድንጋይ ጠራቢ አስጠሩና፣ «ቦርጬ ይጥፋ፤ ጡንቻዬ ግን እንዳይሟሽሽ። መላ በል!» አሉት።

«ጌታዬ፣ በየማለዳው ድንጋይ ይዞ ዳገቱን መውጣት ነው። ዳገቱ ስቡን ያቀልጣል፤ ሸክሙ ጡንቻውን ያጠነክራል» አላቸው።

ፊታውራሪም ምክሩን ወደዱት። ግን እሳቸውን የሚያህል ሰው በእግሩ ሲኳትን ማን አይቶ ያውቃል? በየማለዳው በቅሏቸው ላይ ጉብ ብለው፣ ድንጋዩንም ከኮርቻው ኋላ አስጭነው ዳገቱን ይወጡ ጀመር። አናቱ ላይ ሲደርሱም ለድካማቸው ካሳ ጮማ ይቆርጣሉ።

ከወራት በኋላ ዝናሩን ቢሞክሩት ጫፍና ጫፉ ጭራሽ ተራራቀ። ደማቸው ፈላ። ጠራቢውን አስይዘው፣ ጅራፍ አስመጥተው፣ በሰው ፊት «አንተ ቀጣፊ! አንድ ማለዳ ሳላጓድል ወጣሁ። የታለ የቀለጠው ስብ? አስረዳ፤ ያለዚያ ጀርባህ ይላጣል!» አሉት።

ሰውየው ደጅ የታሰረችውን በቅሎ ቃኘት አደረገና እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ምክሩስ ሠርቷል። በቅሎዋን ይዩልኝ፤ ሆዷ ገብቶ ጭኗ እንደ ብረት ጠጥሯል። ለእርስዎም እንዲሠራ ከፈለጉ፣ ከነገ ጀምሮ ቦታ ይቀያየሩ።»