መልሱን የጠበቀችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ሁሉ ነጥፎ ዓሣ እንኳ በእግሩ ይሄድ በነበረበት የድርቅ ዘመን፣ አንበሳ ባለሙያ አውሬዎችን ለጉባኤ ጠራ። «ሦስት ቀን ማንም ማንንም እንዳይበላ! ተዋወቁ፣ ተመካከሩ!» ብሎም አዋጅ አስነገረ። የመጣውን እንግዳ ብዛት ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ጥጃ ሆኖ የተሰለፈ በሬ ሆኖ ገባ።

እመት አህዪት የመጣችው ለወሬ አልነበረም። የመንደሯ ምንጭ ደርቆ ውርንጭላዋ ድንጋይ መላስ ጀምሯል። ውሃ የሚያወጣ ባለሙያ ሳታገኝ ብትመለስ በሕይወት ታገኘው ይሆን? ከዚያ ሁሉ እንግዳ ግን አንድም የምታውቀው የለም።

ገና በሩ ላይ አያ ጅቦ እየሮጠ መጣባት።

«እንደምን ነሽ፣ አያ ጅቦ እባላለሁ፣ አጥንት ሰባሪ ነኝ፣ እወቂኝ!»

አፏን ሳትከፍት እሱ ቀጭኔ ጋ ደርሷል። ከቀጭኔ ወደ ጎሽ፣ ከጎሽ ወደ ከርከሮ፤ ከየስንቃቸውም አንዳንድ ጉርሻ እየቆነጠረ።

አህዪት ዞር ስትል ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠ እንግዳ አየች። አዋልዲጌሳ የሚባለው ረጅም አፍንጫ ያለው ምስጥ በል አውሬ ነበር፤ አፈር አፈር ስለሚሸት ማንም አልተጠጋውም።

«እንደምን ዋሉ ጌታው?»

«እግዜር ይመስገን።»

ሌላው ቢሆን እዚህ ላይ ያልፋል። አህዪት ግን ጆሮዋን ቀስራ ቆመች። ያ ጆሮ ደግሞ ሁለት ቆቅ ከነጫጩቶቻቸው ከፀሐይ ያስጠልላል!

አዋልዲጌሳ ግራ ገባው። «የምርሽን ነው የምትጠይቂኝ?»

«ካልሆነማ ለምን ጠየቅሁ?»

«እንግዲያስ ደህና አይደለሁም፣ እሜቴ። የሰባት ቀን መንገድ መጥቼ የኋላ እግሮቼ አብጠዋል። እንዴት እንደምመለስ እንጃ።»

«በጀርባዬ ነዋ! ታዲያ ጀርባ ለምን ተፈጠረልኝ?»

አዋልዲጌሳ ዓይኑን አበሰ። «አንቺስ እንደምን ነሽ?» አለና እሱም በተራው ጠበቀ።

የምንጩን ነገር አጫወተችው።

«ውይ፣ መቆፈር እኮ ሙያዬ ነው! ምድር በሆዷ የደበቀችውን በአፍንጫዬ አገኘዋለሁ።»

ተሸክማው ስትወጣ አያ ጅቦ በሳቅ ፈረሰ። «ስንት ተዋወቅሽ?»

«አንድ።»

«አንድ! እኔ ዘጠና ዘጠኝ! አይ አንቺ፣ ጆሮ ብቻ!»

«እነማን ናቸው?»

«እ... አንዱ ቀንድ አለው። የሌላው ስንቅ ይጣፍጣል።»

መንደር ሲደርሱ አዋልዲጌሳ መቆፈር ጀመረ፤ አቧራው የሰባት መንደር ፀሐይ ጋረደ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ቡልቅ ብሎ ሲወጣ፣ ውርንጭላውን አንሥቶ ዛፍ ላይ ሊሰቅለው ምንም አልቀረው።

ብዙም ሳይቆይ አያ ጅቦ ምላሱን መሬት እየጎተተ መጣ። «የቀረችን ኩሬም ደረቀች» አለ።

«ከዘጠና ዘጠኙ አንድ ቆፋሪ አጣህ?»

«ሙያቸውን መች ጠየቅሁና!»

አዋልዲጌሳ ጥፍሩን አሹሎ መካከላቸው ገባ። አህዪት ግን ፈቀቅ አለችለት። «ጠጣ፣ አያ ጅቦ። ለመሆኑ እንደምን ነህ?» ብላ ጆሮዋን ቀሰረች።

ጅቡ አፉን ከውሃው አነሣ። ከተወለደ መልሱን የጠበቀለት አልነበረም።

«ደህና አይደለሁም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያም በጅብ ዘር ታይቶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ «አንቺስ?» ብሎ ጠየቀና ዝም ብሎ ጠበቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ መቶ እንግዳ ሰላም ብሎ ከማለፍ ይልቅ አንዱን «እንደምን ነህ» ብሎ መልሱን እስኪጨርስ ማዳመጥ የክፉ ቀን ወዳጅ እንደሚያፈራ ነው።